አንድ ደብተር፣ ሁለት እጅ፦ ጎን ለጎን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ስህተት ኮዱን ሳያስኬዱ እንዴት ይገኛል?

መጋቢት 1986 ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ቦታው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ግዛት፣ ታይለር ከተማ ውስጥ ያለ የካንሰር ሕክምና ማዕከል። አንድ ታካሚ ለዘጠነኛ ጊዜ ጨረር ሊወስድ ቴራክ-25 የሚባል ማሽን ሥር ተኝቷል።

ከክፍሉ ውጭ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ባለሙያ መረጃ ስታስገባ ተሳሳተች። ለኤሌክትሮን ጨረር «ኢ» የሚለውን ፊደል መጫን ሲገባት ለኤክስሬይ የሚሆነውን «ኤክስ» ነካች። ስህተቷን ወዲያው አየችው። ወደ ላይ ተመልሳ አረመችውና የቀረውን መስመር ቶሎ ቶሎ አለፈችው። ሥራውን የለመደች ናት፣ እጇ ፈጣን ነው።

ስክሪኑ «ዝግጁ» አለ። ጨረሩን ለቀቀች። ማሽኑ ወዲያው ቆመና «ማልፈንክሽን 54» (ብልሽት 54) የሚል ጽሑፍ አወጣ። በስክሪኑ መሠረት የወጣው ጨረር ትንሽ ነው። ማሽኑ በየጊዜው እንዲህ ያለ መልእክት ያወጣ ስለነበር ቀጥል የሚለውን ተጫነች። ውስጥ ያለው ሰው ግን ጀርባው ላይ ትኩስ ቡና የተደፋበት፣ ኤሌክትሪክ የያዘው ያህል ተሰምቶት ሊነሳ እየታገለ ነበር። ሁለተኛው ጨረር ክንዱን አገኘው። በሩን ደበደበ። ከ5 ወር በኋላ ሞተ። የታዘዘለት 180 ራድ (የጨረር መለኪያ) ነበር። በኋላ ሲገመት የደረሰበት ከ16,500 እስከ 25,000 ራድ ነው።

የአምራቹ መሐንዲሶች መጥተው ማሽኑን ፈተሹት። ችግሩ ሊደገምላቸው አልቻለም። ማሽኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ያው ማሽን ሌላ ታካሚ ላይ ያንኑ አደረገ። እሱም ሞተ። ያኔ የሆስፒታሉ ፊዚሲስትና ባለሙያዋ አብረው ቁጭ አሉ። ያንኑ መረጃ ደጋግመው፣ እያፈጠኑ አስገቡት። በመጨረሻ «ማልፈንክሽን 54» መጣላቸው። ምስጢሩ ፍጥነቱ ነበር።

ማሽኑን የሚመራው ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ሥራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ። አንዱ ኪቦርዱን ያነባል። ሌላው ማግኔቶቹን ያስተካክላል፣ ይህ ደግሞ 8 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ሁለቱም የሚያዩት አንድ የጋራ ማስታወሻ ነው። እርማቱ በእነዚያ 8 ሴኮንዶች ውስጥ ካለቀ የማሽኑ አንድ ክፍል አዲሱን ትእዛዝ ያያል፣ ሌላው በአሮጌው ይቀጥላል። ስለዚህ ለኤክስሬይ የታሰበው ኃይለኛ ጨረር የሚያበርደው ነገር ሳይኖር በቀጥታ ሰውየው ላይ ወረደ። በዚያው ማዕከል ከዚያ በፊት በሁለት ዓመት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች በማሽኑ ታክመው ነበር። ስህተቱ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበር።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው። 500 ጊዜ በሰላም የሠራ ፕሮግራም ውስጥ ያለን ስህተት 501ኛው ሰው ሳይጎዳ በፊት ማግኘት ይቻላል? ይቻላል፤ ቢያንስ ብዙ ጊዜ። ዘዴው ፕሮግራሙን ማስኬድ ትቶ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራመሩ የጻፈውን ትእዛዝ፣ ማንበብ ነው። የሚያነበውም ሌላ ፕሮግራም ነው። በሙያው ስሙ ስታቲክ አናሊሲስ ይባላል።

መጀመሪያ ግን ችግሩን ራሱን ከቅርብ እንየው። የዕቁብ ደብተር አስቡ። ደብተሩ ላይ ድምር 10,000 ብር ተጽፏል። ገንዘብ የሚሰበስቡት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ 500 ብር ተቀብላ መጣች። ደብተሩን አየች፣ 10,000። በሐሳቧ ደመረች፣ 10,500። ልትጽፍ ስትል ስልኳ ጠራ። በዚህ መሃል ሁለተኛው 300 ብር ይዞ ደረሰ። ደብተሩን አየ፣ አሁንም 10,000 ነው። 10,300 ብሎ ጽፎ ሄደ። እሷ ስልኩን ዘግታ መጣችና በላዩ 10,500 ብላ ጻፈች። የእሱ 300 ብር ጠፋ። ማንም አልሰረቀም። ማንም ድምር አልተሳሳተም። ሁለቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተዋል።

ኮምፒውተር ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ፕሮግራመሩ «ድምር = ድምር + 500» ብሎ በአንድ መስመር ይጽፋል። ለዓይን አንድ ሥራ ይመስላል። ፕሮሰሰሩ ግን ሦስት እርምጃ ያደርገዋል፦ ማንበብ፣ መደመር፣ መጻፍ። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱት የሥራ ሰንሰለቶች ትሬድ ይባላሉ። ሁለት ትሬዶች ይህንኑ መስመር አንድ ላይ ሲሠሩ ስድስቱ እርምጃዎች በ20 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሰባጠሩ ይችላሉ። ከ20ው ውስጥ ትክክለኛ ድምር የሚሰጡት 2ቱ ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ሦስቱንም ጨርሶ ሌላው ሲጀምር። 18ቱ ገንዘብ ያጠፋሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ። 18ቱ ስህተት ከሆኑ ፕሮግራሙ ገና ሲጀመር ለምን አይፈርስም? እርምጃዎቹ በጣም ፈጣን ናቸው። አንዱ ትሬድ በሌላው መሃል የሚገባበት ቀዳዳ ከሴኮንድ ቢሊዮንኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በተግባር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚሆኑት እነዚያ 2ቱ ደህናዎች ናቸው። ቴስት ስናደርግ የምናየው እነሱን ነው። ፕሮግራሙን ሺህ ጊዜ ብናስኬደው ሺህ ጊዜ የምናየው ያንኑ መልካም መንገድ ሊሆን ይችላል።

ቁጥሩ ደግሞ በፍጥነት ያድጋል። እያንዳንዱ ትሬድ 10 እርምጃ ካለው ቅደም ተከተሎቹ 184,756 ይሆናሉ። 20 እርምጃ ካለው ከ137 ቢሊዮን ያልፋሉ። ይህ ገና ሁለት ትሬድ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለ አንድ አፕ ብዙ ትሬዶችን ይዞ ነው የሚሄደው።

ነሐሴ 14 ቀን 2003 በአሜሪካና በካናዳ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መብራት ጠፋበት። ከምክንያቶቹ አንዱ ኦሃዮ ውስጥ ባለ የመቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያው ፕሮግራም ዝም ማለቱ ነበር። መስመሮቹ ሲወድቁ ኦፕሬተሮቹ አላወቁም። ስህተቱ ልክ እንደ ደብተሩ ነው፤ ሁለት ሥራዎች አንድን የጋራ መረጃ በአንድ ጊዜ ነኩት። ሶፍትዌሩ ከዚያ በፊት በየቦታው በድምሩ ከ3 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ሠርቷል። ባለሙያዎች ስህተቱን ለማግኘት ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል።

እኔም በሥራዬ እንዲህ ያለ ባግ፣ የፕሮግራም ስህተት፣ ገጥሞኛል። በሳምንት አንዴ ብቅ ይላል። ምን እየሆነ እንደሆነ ለማየት ፕሮግራሙ የደረሰበትን ስክሪን ላይ የሚጽፍ አንድ መስመር ኮድ ጨመርኩ። ባጉ ጠፋ። መስመሩን አወጣሁት፣ ተመለሰ። የጨመርኩት መስመር አንዱን ትሬድ በጥቂቱ ስላዘገየው ቀዳዳው ተዘጋ ማለት ነው። ማየት ራሱ ነገሩን ሲቀይረው ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ሳያስኬዱ የመመርመርን ዋጋ ያየሁት ያኔ ነው። ኮዱን ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ምንም አያዘገይም፣ ምንም አያፈጥንም።

እንግዲህ መሣሪያው ምን ይፈልጋል? ዳታ ሬስ የሚባለውን። ዳታ ሬስ አለ የሚባለው ሁለት ትሬዶች አንድን ቦታ ሲነኩ፣ ቢያንስ አንዱ የሚጽፍ ሲሆን፣ በመሃላቸውም ተራ የሚያስይዝ ነገር ሲጠፋ ነው። ተራ የሚያስይዘው ብዙ ጊዜ ሎክ ነው፣ መቆለፊያ። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋችሁ አንድ ቁልፍ ብቻ ብታዘጋጁ፣ ቁልፉን የያዘ ሰው እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቃል።

ከዚህ አንድ ቀላልና ብልህ ሐሳብ ይወጣል። 137 ቢሊዮን ቅደም ተከተል መቁጠሩን እንተወው። በምትኩ ለእያንዳንዱ የጋራ መረጃ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህን መረጃ የሚነካ ሁሉ የሚይዘው አንድ የጋራ ቁልፍ አለ? መሣሪያው ኮዱን ከላይ ወደ ታች ያነባል። «ድምር» በተነካበት ቦታ ሁሉ በዚያች ቅጽበት የትኞቹ ቁልፎች እንደተያዙ ይመዘግባል። በመጨረሻ መዝገቦቹን ያስተያያል። በሁሉም ላይ የሚገኝ ቢያንስ አንድ ቁልፍ ካለ፣ ቅደም ተከተሉ ምንም ይሁን ምን ሁለት ሰው አንድ ላይ ሊገባ አይችልም። ከሌለ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህን ሐሳብ በ1997 ኢሬዘር የተባለ መሣሪያ ፕሮግራም እያስኬደ ተጠቅሞበታል። በ2003 ሬሰርኤክስ የተባለው መሣሪያ ደግሞ ፕሮግራሙን ሳያስኬድ፣ በትላልቅ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮዶች ላይ ሠራበት።

በምሳሌ እንየው። አንድ የሂሳብ ፕሮግራም ሦስት ፈንክሽን አለው እንበል፤ ፈንክሽን አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል ነው። «ጨምር» ቁልፉን ይይዛል፣ ድምሩን ይቀይራል፣ ይለቃል። «ቀንስ»ም እንደዚያው። «አሳይ» ግን ቁልፍ አይዝም፤ ድምሩን አንብቦ ስክሪን ላይ ያወጣል። መሣሪያው «አሳይ» ላይ ያቆማል። ፕሮግራመሮች እዚህ ጋ ብዙ ጊዜ ይከራከራሉ፦ «እሱ እኮ ማንበብ ብቻ ነው!» መሣሪያው ትክክል ነው። ጃቫ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ውሰዱ። የቋንቋው ደንብ 64 ቢት ያለው ትልቅ ቁጥር በሁለት ግማሽ እንዲጻፍ ይፈቅዳል። ያነበበው ትሬድ ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ የሆነ ቁጥር ሊያገኝ ይችላል፤ መቼም ያልነበረ ቁጥር።

እስካሁን ቀላል ይመስላል። የሚከብደው ስም ሲመጣ ነው። ሰፈር ውስጥ አንዱ «አቶ ተሰማ» ይላል፣ ሌላው «የማሙሽ አባት» ይላል። የሚያውቅ ሰው አንድ ሰው መሆናቸውን ያውቃል፣ እንግዳ ግን አያውቅም። ኮድ ውስጥም አንድ የማስታወሻ ቦታ ብዙ ስም ይኖረዋል። አንዱ ፈንክሽን «ሀ» የሚለው ቁልፍና ሌላው «ለ» የሚለው ቁልፍ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት? አንድ ከሆኑ ሁሉም ሰላም ነው። ሁለት ከሆኑ በአንድ በር ላይ ሁለት ሰው የየራሱን ቁልፍ ይዞ እየገባ ነው። መሣሪያው መልሱን ለማግኘት ስሞቹ ከየት ተነስተው የት እንደደረሱ በመላው ፕሮግራም ውስጥ መከተል አለበት። በእኔ እይታ የዚህ ሙያ ከባዱ ሥራ ይሄ ነው።

ሁሉንም በትክክል የሚመልስ መሣሪያ ደግሞ ሊኖር አይችልም። ይህ የአቅም ጉዳይ አይደለም፣ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። አለን ቱሪንግ በ1936 ማንኛውንም ፕሮግራም አይቶ ይቆማል ወይስ አይቆምም ብሎ ሁልጊዜ በትክክል የሚመልስ ዘዴ እንደሌለ አሳየ። ሄንሪ ራይስ በ1953 ይህን ፕሮግራሞች ስለሚሠሩት ነገር ወደሚነሱ ሌሎች ጥያቄዎች አሰፋው። በ2000 ደግሞ ጂ. ራማሊንጋም በትሬዶች ጉዳይ አንድ ነገር አረጋገጠ። ፈንክሽኖች እርስ በርስ ሲጠራሩም ትሬዶች ሲጠባበቁም ሁለቱንም በትክክል የሚከታተል አጠቃላይ ዘዴ፣ ነገሩን ብናቀልለው እንኳ የለም።

ስለዚህ መገመት ግድ ነው። ወንፊት እንደመምረጥ ነው። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ ምንም ቆሻሻ አያልፍም፣ ደህናው እህልም አብሮ ይቀራል። ሰፊ ከሆነ እህሉ በቀላሉ ያልፋል፣ ጠጠርም አብሮ ያልፋል። ጠባቡ ወንፊት የሐሰት ማስጠንቀቂያ ያበዛል። ሰፊው እውነተኛ ስህተት ያመልጠዋል።

የሐሰት ማስጠንቀቂያን ቀላል አድርጋችሁ እንዳታዩት። ሁለት ሺህ ማስጠንቀቂያ የደረሰው ፕሮግራመር የመጀመሪያዎቹን አሥር ያያል። አሥሩም ሐሰት ከሆኑ መሣሪያውን ይዘጋዋል። ያችን የታይለር ባለሙያ አስታውሱ። ማሽኑ በየጊዜው ስለሚጮህባት ጩኸቱን መስማት ትታ ነበር። እሷን የሚወቅስ ሰው እንዲህ ያለ ማሽን ፊት ተቀምጦ አያውቅም።

ፌስቡክ ውስጥ የሆነው እዚህ ላይ ያስተምራል። የአንድሮይድ አፑ ኒውስ ፊድ፣ የጓደኞች ጽሑፍና ፎቶ የሚታይበት ገጽ፣ በአንድ ትሬድ ከሚሠራበት ወደ ብዙ ትሬድ ሊሻገር ነበር። በቦታው የነበረው ፒተር ኦሄርን ጎን ለጎን የሚሄዱ ፕሮግራሞችን በሎጂክ ማረጋገጥ ላይ ከስቲቨን ብሩክስ ጋር በሠራው ሥራ በ2016 የጎደል ሽልማትን፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ የሚሰጠውን ትልቅ ሽልማት፣ የወሰደ ሰው ነው። እሱና ባልደረቦቹ ትልቅ ሐሳብ ነበራቸው፤ ኮዱ ምንም ዳታ ሬስ እንደሌለው ማረጋገጥ። ኒውስ ፊዱን የሚሠሩት መሐንዲሶች ግን አሁን የሚረዳ ነገር ፈለጉ። ቡድኑ አቅጣጫ ቀየረ። ሬሰርዲ የተባለውን መሣሪያ ሠሩ። ሬሰርዲ ንጹሕ ነው ብሎ ቃል አይገባም። ያየውንና እርግጠኛ የመሰለውን ብቻ ይናገራል።

አሠራሩ ደስ ይላል። መላውን ፕሮግራም አንድ ላይ አያነብም። እያንዳንዱን ፈንክሽን ለብቻው አንብቦ አጭር ማስታወሻ ይጽፍለታል፦ ይህን ይነካል፣ ይህን ቁልፍ ይይዛል። ሌላ ፈንክሽን ሲጠራው ኮዱን እንደገና ማንበብ አያስፈልግም፤ ማስታወሻው ይበቃል። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር መስመር ላይ ይሠራል። አንድ ፕሮግራመር ኮድ ሲቀይር የተቀየረውን ብቻ ያያል። ውጤቱንም ባልደረቦቹ አስተያየት በሚሰጡበት ቦታ ላይ፣ ነገሩ ገና ከጭንቅላቱ ሳይወጣ ያደርስለታል። መሣሪያው በ2017 ለሕዝብ ሲለቀቅ በ10 ወር ውስጥ ከ1,000 በላይ ችግሮች ተጠቃሚ ጋ ሳይደርሱ መታረማቸውን ፌስቡክ ገልጿል።

ይህ ለኒውስ ፊድ ትክክለኛ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ለጨረር ማሽን ግን አይሆንም። እዚያ ጠባቡ ወንፊት ነው የሚያስፈልገው፣ እህሉን በእጅ መልቀም ቢያደክምም። በፈረንሳይ ፓትሪክና ራዲያ ኩዞ ከ1977 ጀምሮ የገነቡት ሐሳብ ለዚህ የሚሆን ነው፤ ፕሮግራሙ ሊደርስባቸው የሚችሉትን ሁኔታዎች አንድም ሳያስቀሩ በጅምላ ማየት። በ2003 በዚሁ ሐሳብ የተሠራው አስትሬ የተባለ መሣሪያ የኤርባስ ኤ340ን የበረራ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር፣ 132,000 መስመር ኮድ፣ መረመረ። እንደ ዜሮ ማካፈል ያሉ ፕሮግራሙን የሚያፈርሱ ስህተቶች እንደሌሉት አረጋገጠ። ያ ፕሮግራም ትሬዶች የሚሻሙበት አልነበረም። በኋላ አንትዋን ሚኔ ሥራውን ጎን ለጎን ወደሚሄዱ ፕሮግራሞች አስፍቶታል።

ስለ ዴድሎክም አንድ ነገር ልበል። ቁልፍ ማብዛት ራሱ ችግር ይወልዳል። አንዱ ትሬድ የአልማዝን ሂሳብ ቆልፎ የበቀለን ይጠብቃል። ሌላው የበቀለን ቆልፎ የአልማዝን ይጠብቃል። ሁለቱም እስከ ዘላለም ይቆማሉ። ይሄን መሣሪያ ማግኘት ይቀለዋል። ማን ከማን በፊት እንደሚቆለፍ በቀስት ይስላል። ቀስቶቹ ዞረው ከተነሱበት ከደረሱ ይናገራል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ምርመራው ቋንቋው ራሱ ውስጥ እየገባ ነው። ራስት የተባለው ቋንቋ፣ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂው በግንቦት 2015 የወጣው፣ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። አንድን መረጃ ወይ ብዙዎች ያነቡታል፣ ወይ አንድ ብቻ ይጽፍበታል። ሁለቱም አንድ ላይ አይሆንም። ደንቡን የጣሰ ኮድ ኮምፓይለሩ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ አይቀበለውም፤ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይፈጠርም። ፕሮግራመሩ ከደንቡ ውጭ ልሥራ ብሎ በግልጽ ካልጻፈ በቀር ዳታ ሬስ የለም። መጀመሪያ ላይ ያንገሸግሻል። ከለመዱት በኋላ ግን ማታ እንቅልፍ ይሰጣል።

ያም ሆኖ ዳታ ሬስ የሌለው ፕሮግራም ሊሳሳት ይችላል። ባልና ሚስት የጋራ ሂሳብ አላቸው እንበል፣ 1,000 ብር። ሁለቱም በየቦታቸው 800 ሊያወጡ ነው። ፕሮግራሙ ይቆልፋል፣ ይበቃል ወይ ብሎ ያያል፣ ይበቃል፣ ይከፍታል። ከዚያ እንደገና ይቆልፋል፣ 800 ይቀንሳል፣ ይከፍታል። ሁልጊዜ ቁልፍ አለ። ቅድም ያየነው መሣሪያ አንዲት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ነገር ግን የባል «ይበቃል» እና የባል «ቀንስ» መሃል ላይ ሚስት ትገባለች። ሁለቱም 800 ያወጣሉ።

እዚህ ላይ መሣሪያው የሰው እርዳታ ይፈልጋል። ማየትና መቀነስ አንድ ነገር መሆናቸውን ኮዱ አይናገርም፤ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ነው። ኮርማክ ፍላናጋንና ሻዝ ቃዲር በ2003 ለዚህ መንገድ አሳዩ። ፕሮግራመሩ «ይህ ፈንክሽን ሳይከፋፈል ነው የሚሠራው» ብሎ አንድ ቃል ከላይ ይጽፋል። መሣሪያው ያን ቃል ይዞ ኮዱን ያነባል። በባልና ሚስቱ ፕሮግራም ላይ ቢሠራ የሚያቆመው በመጀመሪያው «ክፈት» እና በሁለተኛው «ቆልፍ» መሃል ነው፤ ሚስት የገባችበት ቦታ ላይ።